ጌታው በእግሩ ሲሄድ

ውሻውን ጌታው ያሉት ለመልኩ ወይም ለኩራቱ ብለው አይደለም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በራሱ እግር የማይሄድ ፍጡር እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት ከሦስተኛ ፎቅ ደረቷ ላይ አቅፋው ስትወርድ፣ ጎረቤቶቿ ግድግዳውን ተጠግተው ያሳልፏቸዋል። «ጌታው፣ ደህና አደሩ?» ይላሉ፣ ውሻውን። እሷን ሰላም የሚላት የለም፤ ተሸካሚን ማን ሰላም ይላል። እሱም አገጩን ትከሻዋ ላይ እንደጣለ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጥ አድርጎ ያያቸውና መልሶ ይከድነዋል።

ገና ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ቡችላ ሳለ ሞተር ብስክሌት ገጨውና የኋላ ግራ እግሩ ከታፋው ተቆረጠ። የእንስሳት ሐኪሟ ያኔ «አይዟችሁ፣ ውሻ በሦስት እግር ይኖራል። አራት እንደነበሩት እንኳ ይረሳዋል» ብላ ነበር። ቁስሉ ድኖ ክሩ ሲወጣለት ጌታው ሳሎን ውስጥ ለመነሳት ሞከረ። የቀረችው የኋላ እግሩ ሴራሚኩ ላይ አዳለጠችውና ዘጭ አለ። ያኔ አንድ ድምፅ አወጣ። ጩኸት አይሉት ልቅሶ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰው የሚጣራ የሚመስል ድምፅ። ያ ድምፅ የመጋረጃ ሰፊዋን አንጀት በላው። ሮጣ አነሳችው። በነጋታው ደግሞ ሳይወድቅ አነሳችው። ከዚያ በኋላማ ለመነሳት ገና ሲያስብ ከፊቱ ታውቅበትና ብድግ ታደርገዋለች።

ወገቧ ሲብስባት ከመጋረጃ ገበር ድርብ አድርጋ ማዘያ ሰፋችለት። ሥራ ቦታም ይዛው ትሄዳለች። ሴቶቹ ጨርቅ ከሚቆርጡበት ረጅም ጠረጴዛ ሥር በቁርጥራጭ ላይ ተንፈላሶ ይውላል፤ ውሃው አፉ ድረስ ይቀርብለታል፣ መሽናት ሲፈልግ ተሸክማው ትወጣለች። ቆራጯ ጓደኛዋ «ባልሽን እንዲህ ብትይዥው ኖሮ አይወፍርም ነበር?» ትላታለች። ትስቃለች እንጂ አትለውጥም።

ባሏ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ሌሎቹ አስተማሪዎች ተማሪ ሲሳሳት ይጮኻሉ፣ ዳሽቦርድ ይደበድባሉ። እሱ አይጮህም። በእሱ በኩል ያለውን ሁለተኛ ፍሬን ቀስ አድርጎ ይረግጥና፣ መኪናዋ በተማሪው ብልሃት የቆመች አስመስሎ «ጎበዝ፣ በሰዓቱ ያዝሽው» ይላል። ተማሪዋ ቀና ትላለች፣ ደረቷን ትነፋለች። ይህን ራት ላይ እያስመሰለ ሲያወራላት እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር። እሱን ካገባችበት ምክንያት አንዱ እንዲያውም ይኸው ሰውን የማያሳፍር ጠባዩ ነው።

አንድ ቀን ውሻውን ለምርመራ ወሰዱት። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችውና የቀረችውን ታፋ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ያዘች። 

«ይሄ እግር ሥራ ፈቷል» አለች። «ጡንቻው አልቋል። እንዲህ ከቀጠለ መገጣጠሚያው ይሄዳል። እሱ ከሄደ ደግሞ… ያኔ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነው።»

«ምን እናድርግ ታዲያ?» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

«አይሸከሙት። ይውደቅ፣ ይነሳ፣ ይሂድ። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ማንም አላብራራም፤ ማብራራትም አላስፈለገም። ጌታው በመርፌ ተኝቶ ላይነሳ ነው። ሴትየዋ ያን ቀን ውሻውን አቅፋ ወጣች፤ እስከ መኪናው ድረስ አቅፋው እንደሄደች እንኳ ልብ ያለችው ወንበሩ ላይ ካስቀመጠችው በኋላ ነው።

አልሞከረችም የሚል ይዋሻል። ያዳልጠዋል ብላ ሳሎኑን በሙሉ ምንጣፍ አለበሰችው፤ ምንጣፉ እንዳይሸሽ ጠርዙን ከታች ላስቲክ ሰፋችበት። ወዲያ ማዶ ተቀምጣ «ና ጌታው፣ ና የኔ ጀግና» ትለዋለች። ይነሳል። ትንሽ ይንገዳገዳል። ዓይን ዓይኗን ያያትና ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ይተኛል፣ ከዚያ ያንን ድምፅ ያሰማታል። ጥርሷን ነክሳ ትቆያለች። ጣቶቿን ታፍተለትላለች። እስቲ ሆድ ያለው ሰው ይቻለው! በመጨረሻ «ነገ» ትልና ታነሳዋለች። ነገም ያው ነው።

ሰው ጭንቅ ሲይዘው መውጫ ይፈልጋል፤ እሷም አገኘች። ማሸት። ማታ ማታ ዘይት ለብ አድርጋ፣ ታፋውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ታሸዋለች። ጌታው እግሩን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያንኮራፋል። የማይሄድን እግር በማሸት ማስኬድ! ግን ቢያንስ አይጮህም።

በዚያው ሰሞን ባሏ አንድ ሐሳብ አመጣ።

«ቀን ቀን እኔ ጋ ይዋል» አላት። «ኋላ ወንበር ላይ ይተኛል። ወገብሽም ይረፍ።»

አመነታች። «ጥለኸው እንዳትወርድ። መስኮቱን ክፈትለት። ፀሐይ እንዳይመታው። ተማሪዎችህ እንዳያስቸግሩት።»

«እሺ የኔ እመቤት።»

«ብቻውን እንዳታስነሳው፣ ይወድቅብሃል።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ሰጠችው። አሥር ጊዜ እየዞረች ብታይም ሰጠችው፤ በዚህ ዓለም ላይ ጌታውን አምና የምትሰጠው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በቀጣዩ ምርመራ ሐኪሟ ታፋውን ጨበጥ አደረገችና ፊቷ በራ። «እሰይ! ጡንቻው እየተመለሰ ነው እኮ!» አለች። ይህን ብላ ቀና ስትል ያየችው ባልየውን ነበር፤ ሚስት ግን በደስታ ዓይኗ ስለተጋረደ ልብ አላለችም።

«እያሸሁት ነው» አለች። «ማታ ማታ፣ በሞቀ ዘይት። አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። «…ጥሩ ነው። ይቀጥሉ» አለች።

መኪናው ውስጥ ስታለቅስ ባሏ እጇን ያዘና ሳማት። «እጅሽ መድኃኒት ነው» አላት።

ይህን ቃል ይዛ ለወራት ኖረች። ሥራ ቦታ አወራችው፣ ደረጃ ላይ አወራችው። የቆራጯ እናት ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና «እስቲ እናቴንም ሞክሪልኝ» ስትባል ዘይቷን ይዛ ሄደች፤ እማማም እያሸቻቸው መረቋት። እቤት ውስጥ ጌታው አሁንም አይሄድም። እሷ ግን አልጨነቃትም። ጡንቻው ይሙላ እንጂ ቀኑ ሲደርስ ይነሳል ትላለች። አሁንም ጠዋት ታወርደዋለች፣ ማታ ታወጣዋለች፤ ከበፊቱ መክበዱን ስታይ እንኳ «ጡንቻ ነው» ብላ ደስ ይላታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለአዲስ ቤታቸው መጋረጃ ሊያሰፉ አንዲት ጠና ያሉ ሴት መጡ። ተጫዋች ናቸው። ጨርቁ ሲዘረጋላቸው ወሬያቸውም አብሮ ተዘረጋ።

«በዚህ ዕድሜዬ መኪና መንዳት እየተማርኩ ነው፣ የኔ ልጅ። ሳቂ፣ ግድ የለም።»

«ምን ያስቃል እትዬ፣ ጎበዝ ነዎት እንጂ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፣ የመስኮታቸውን ቁመት በሜትር እየለካች ጨርቁን በጠመኔ እየጫረች።

«አስተማሪዬ ነው ጎበዙ። አይጮህ፣ አይቆጣ። ደግሞ ውሻ አለው፣ ባለ ሦስት እግር። እኔ በመኪና መዞር ያቃተኝን የልምምድ ሜዳ ኮን ሁሉ እሱ ነው የሚዞርልኝ። ትናንትና የተቀደደ ኳስ ነክሶ ሲሮጥ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ መሪውን ለቀቅኩታ!»

ጠመኔው ጨርቁ ላይ ቆመ።

«የሚሮጠው… ውሻው ነው?»

«ታዲያ እኔ ልሮጥ?» ብለው ሳቁ። «ኧረ ስንት ወሩ ነው። መጀመሪያ ስመጣ ይንገዳገድ ነበር፤ አሁንማ ማን ይያዘው።»

መጋረጃ ሰፊዋም ሳቀች። ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም። የለካችውን ደግማ ለካች፣ እንደገና ተሳሳተች፣ ጠመኔውን በእጅጌዋ ጠረገች። ሴትየዋን እስከ በር ሸኝታ ለቆራጯ «ራሴን አሞኛል» አለቻትና ወጣች። መንገዱን እንዴት እንደሄደች አታስታውሰውም። ሌላ ውሻ ነው፣ ሌላ አስተማሪ ነው እያለች ሄደች። በከተማው ውስጥ ባለ ሦስት እግር ውሻ ያለው፣ የማይጮህ የመኪና አስተማሪ ስንት እንደሚኖር ራሷን ብትጠይቅ ያን ያህል ባልደከመች ነበር።

ባሏ የሚያስተምርበት የልምምድ ሜዳ ሰፊና አቧራማ ነው። ዳር ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ተከልላ አየች።

ጌታው ይሮጣል። አሯሯጡ የሚያምር አይደለም። ብቸኛዋን የኋላ እግሩን ወደ መሃል ስቦ መሬቱን በእሷ እየገፋ፣ ጭራውን ወዲያና ወዲህ እየጣለ፣ ወገቡ እየተወዛወዘ ነው የሚሮጠው። ግን ይሮጣል። ኮኖቹን ይዞራል፣ ሲዞር ይወድቃል፣ አቧራውን ሳያራግፍ ይነሳል። አይጮህም። ወድቆ አይጮህም! ባሏ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጦ እያፏጨ ኳሷን ይወረውርለታል።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ይህን ማንም አይካዳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «የኔ ጀግና» አለች። ወዲያው ነገሩ ገባት። ዘይቱ ትዝ አላት። በአራት ጣቷ ስታሸው ያመሸችባቸው ማታዎች ትዝ አሏት። የቆራጯ እናት ጉልበት ትዝ አላት፣ ምርቃታቸው ጭምር፤ ፊቷ በኀፍረት ጋለ። «እጅሽ መድኃኒት ነው» ያላትም ትዝ አላት፤ እጇን ሲስም ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም።

ከመኪናው ኋላ ወጣች።

ቀድሞ ያያት ጌታው ነው። ጆሮው ቆመ፣ ጭራው ተወዛወዘ፣ ኳሷን ጥሎ ወደ እሷ ሮጠ። ገሚሱን መንገድ በሩጫ መጣ። ከዚያ ቆመ። ቁጭ አለ። አቧራው ላይ ተጋደመ፣ ሆዱን ወደ እሷ አዞረ፣ ያንንም ድምፅ አሰማ፤ ያንኑ ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ።

 ከባሏ ይልቅ ይሄ ቆረጣት። ውሻ ላይ ቂም መያዝ ሞኝነት ነው፤ ውሻ አይዋሽም፣ ከእሷ ጋር የሚኖረው እንዲህ ነው ብሎ የተማረውን ነው ያደረገው፤ ያስተማረችውም እሷ ናት። ይህ ሁሉ ልክ ነው። እሷ ግን በዚያች ቅጽበት ውሻውንም ቂም ያዘችበት። ሁለቱም ቀን ቀን ሌላ ሕይወት ነበራቸው፤ ማታ ማታ ለእሷ ብለው ይተኙላታል።

ባሏ ከጎማው ላይ ተነስቶ መጣ። በማስተማሪያ መኪናው ውስጥ መሪ ጨብጣ የተቀመጠች ተማሪ አለች፤ ነገሩ ስላላማራት ቆሞ ያለውን መኪና የምትነዳ ይመስል ፊት ለፊቷን ብቻ ታያለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሚስት።

ሊያስተባብል አልሞከረም። «ሐኪሟ ‹ጡንቻው አልቋል› ባለችን ሳምንት ደወለችልኝ።»

«ላንተ።»

«‹እሷ ባለችበት አይነሳም፤ ወስደህ ለብቻው ተወው› አለችኝ። መጀመሪያ ቀን አውርጄ እዚህ አስቀመጥኩትና ፊቴን አዞርኩ። ጮኸ። ዝም አልኩት። ሲሰለቸው ተነሳ።»

ሲሰለቸው ተነሳ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣት ነገር እንዲህ ቀላል ኖሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትለቂው ነበር?»

«እኔ እንጃ» አለች።  «አላውቅም። አንተም አታውቅም። አልጠየቅከኝማ።»

«ለእሱ ብዬ ነው። ሊሞትብን ነበር።»

«አውቃለሁ። ድኗል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እሱ አይደለም የከፋኝ። ‹እጅሽ መድኃኒት ነው› ማለት ለምን አስፈለገህ?»

 አቧራውን በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገው። «ደስ ብሎሽ ስለነበረ…» አለ። «ላሳፍርሽ አልፈለግኩም።»

«በየሰው ቤት እየዞርኩ ሳሽ እያየህ?»

ወደ ተማሪዋ ዞር ብሎ አየ።

«ፍሬኑን አንተ እየረገጥክ ‹ጎበዝ፣ በሰዓቱ ያዝሽው› አልከኝ» አለች። «እኔ ተማሪህ አይደለሁም። ሚስትህ ነኝ።»

መኪናው ውስጥ ያለችው ተማሪ ምንም እንዳልሰማች መስታወቱን ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገችው።

ጌታው እንደተጋደመ ነው፤ ለምን እንዳላነሳችው ግራ ገብቶት ደግሞ ጮኸ። እጆቿ ሳታዛቸው ሊዘረጉ ሆነ። የሥራ ሽርጧን ለብሳ ኖሯል የወጣችው፤ ሁለቱንም እጆቿን የሽርጡ ኪስ ውስጥ፣ ሜትሩና ጠመኔው መሃል ከተተቻቸው።

«ማታ ደረጃውን በእግሩ ይውጣ» አለች። «እኔ አልወርድም።»

ዞራ ሄደች። ድምፁ ከኋላዋ ተከተላት። ሜዳውን ጨርሳ አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ድምፁ ቀጥ አለ። መዞር አልነበረባትም፤ ዞረች። ጌታው ተነስቶ፣ ራሱን አራግፎ፣ ኳሷን ፍለጋ ወደ ጎማው እየሄደ ነበር።

ያን ምሽት ራት አልሠራችም። ምንጣፉን ጠቀለለችው። የዘይቱን ዕቃ አጠበችው። ሁለት ጊዜ ወደ ደረጃው ልትወጣ ተነስታ ሁለቴም ተመልሳ ተቀመጠች። በመጨረሻ ከታች የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች።

ከዚያ ጥፍር። ሲሚንቶ ላይ፣ ቀስ እያለ፤ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይወጣል። አንደኛ ፎቅ ላይ የአንድ ጎረቤት በር ተከፈተ። «ጌታው! በእግርዎ?» አለ አንድ ድምፅ፣ ሳቅም ተከተለው። ባሏ የመለሰውን አልሰማችም። ጥፍሩ ቀጠለ። አንድ ቦታ ላይ ተንሸራተተ፤ የበሩን ቁልፍ ጨብጣ ቆማለች። ጩኸት ጠበቀች። አልጮኸም። ቀጠለ።

በሩ ጋ ደረሱ። እንደ ቡችላ ሲያለከልክ ይሰማታል።

«ደርሰናል» አለ ባሏ በበሩ ማዶ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ክፈቺ።»

ቁልፉን አላዞረችም። ከከፈተች ጌታው ያያታል፤ ካያት ይተኛል። ይህን ዛሬ አውቃለች።

«ቆሟል?» አለች።

«ቆሟል።»

በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህ ሰው «ዝናብ ነው» ካላት በመስኮት ሳታይ ጃንጥላ ይዛ ነበር የምትወጣው። አሁን «ቆሟል» ብሏታል፤ ምናልባት እውነቱን ነው። ምናልባትም ደስ ይበላት ብሎ ነው። የትኛው እንደሆነ ከድምፁ ለመለየት ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ ቆየች፤ መለየት አቃታት። ለካ ድሮም ለይታው አታውቅም።

ሴራሚኩ ላይ ተንበረከከች። ከዚያ በሆዷ ተኝታ ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ፣ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ተመለከተች። የሜዳው አቧራ ያለበሳቸው ሁለት ጫማዎች አየች። ከጫማዎቹ አጠገብ ሁለት የፊት እግሮች፣ ከእነሱ ኋላ መሃል ላይ አንዲት የኋላ እግር። እየተንቀጠቀጠች፣ ጥፍሯን ሲሚንቶው ላይ ተክላ ቆማለች።

«ክፈቺ እንጂ» አለ ባሏ። «ምን ሆንሽ?»

«ትንሽ ይቁም» አለች፣ ከተኛችበት ሳትነሳ።